ኮዳው የማን ነበር?



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን ሳያስታውስ አይቀርም። ከደብረ ብርሃን በኋላ የሚዘረጋው ደጋ ድንገት ያልቅና መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ አልፎ ሲወጣ ጉሙ ከተገለጠለት ደብረ ሲና ከእግሩ ሥር፣ ከዚያም ወዲያ የይፋት ቆላ ተዘርግቶ ይታየዋል። ደብረ ሲና ሲደርስ ደግሞ ቆሎ ሻጮች በመኪናው መስኮት ይቀበሉታል።

መንገደኛው ቆሎውን እየቆረጠመ ያልፋል። እኛ ግን የዚሁ ቁልቁለት ልጆች ነንና በዚህ በር ከእርሱ በፊት እነማን እንዳለፉ የሚናገሩ ዕቃዎችን መሰብሰብ ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። እኛ ስንል ሦስት ወንድማማቾችና አንዲት እኅት ነን። የምንሰበስበው ወታደር በትከሻውና በወገቡ ተሸክሞት የዞረውን ዕቃ ነው፤ ኮዳ፣ ጋሜላ፣ ዝናር፣ ኮረጆ፣ አቁማዳ፣ የብረት ቆብና የመሳሰለውን። ጠመንጃና ጥይት አንሰበስብም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

የሚያውቁን ሰዎች ብዙ ጊዜ «ይህ ሁሉ ቆርቆሮ ምን ይረባችኋል?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክንያቱም ኮዳ ባለቤቱ ካልታወቀ፣ ታሪኩ ካልተነገረ በእርግጥም ቆርቆሮ ነው። ዛሬ ለእናንተ ለማካፈል የምንፈልገው ቁም ነገርም ይኸው ነው። ዕቃን ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ አማናው ያለው የተሸካሚውን ታሪክ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ አብሮ በማስቀመጡ ላይ ነው።

በበሩ ያለፉት

በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ ለመቆም ተገደደ። ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰውት ስለ ነበር ለመጠገን ሁለት ቀን ያህል ፈጀበት። ከእርሱ ጋር የዘመቱት ኤርትራውያን አስካሪዎች በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ጫጫ ላይ በኃይለ ማርያም ማሞ የሚመሩ አርበኞች አደጋ ጥለው ከጣሊያን የቅኝ ግዛት ወታደሮች ወደ 170 የሚጠጉትን ገደሉ። በማግሥቱ ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት የሰሜን ሸዋ ተራሮች የእነ ራስ አበበ አረጋይ አርበኞች መዋያና ማደሪያ ሆኑ። በ1933 ዓ.ም. በዚያው በሚያዝያ ወር ደግሞ በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የደቡብ አፍሪቃ ብርጌድ በዚሁ መንገድ፣ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወጣ። በኢትዮጵያውያን አርበኞች እየታገዘ ኮምቦልቻ ላይ ተዋግቶ ደሴን ያዘ።

እንግዲህ አስቡት! በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድ ጠባብ በር የኢትዮጵያ ዘማች፣ የሮማ ወታደር፣ የኤርትራ አስካሪና የደቡብ አፍሪቃ ወታደር ተመላልሰውበታል። ወታደር ደግሞ ድካም ሲበረታበት፣ ሲቆስል ወይም ሲሸሽ ጠመንጃውን ላለመጣል ይታገላል እንጂ ሌላውን ዕቃ እያራገፈ ነው የሚሄደው። ገደል ውስጥ የቀረው፣ ገበሬ በእርሻው ያገኘው፣ እረኛ ያነሣው ዕቃ ከየቤቱ ጓዳ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ዕቃው ምን ይናገራል?

የጣሊያኑ ወታደር ዕቃ የፋብሪካ ዕቃ ነበር። ኮዳው አሉሚኒየም ሆኖ ውኃው ቶሎ እንዳይሞቅ በግራጫማ አረንጓዴ ጨርቅ የተሸፈነ ነው። ለቅኝ ግዛት ዘመቻ ከተሠሩት ውስጥ ሁለት ሊትር የሚይዝ ነበረበት፤ የሚዘምትበት አገር ውኃ የሚያስጠማ መሆኑን አስቀድመው አስበውበታል ማለት ነው። ጥይቱ ስድስት ስድስት ሆኖ በቀጭን ብረት የተያያዘ ሲሆን በሁለት የቆዳ ኪሶች ወገቡ ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱን ለመቻልም ከኪሶቹ የሚነሣ ጠፍር አንገቱ ላይ ይውላል። አንድ ባለ አራት ማዕዘን ሸራም ነበረው። ዝናብ ሲመጣ ይደርበዋል፤ ሲመሽ ከጓዶቹ ሸራ ጋር ቆልፎ ድንኳን ያደርገዋል። የጣሊያን ጦር ይህን ሸራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1929 ጀምሮ ከቅጠልና ከአፈር ጋር በሚመሳሰል ዥጉርጉር ቀለም ያሳትመው ስለ ነበር በዓለም ላይ ለወታደር በብዛት ከታደሉት ዥጉርጉር ጨርቆች ቀደምቶቹ ውስጥ ይቆጠራል።

አስካሪው ግን ከነጩ ወታደር ያነሰ ነበር የሚሰጠው። ብዙዎቹ በባዶ እግራቸው ወይም በነጠላ ጫማ ነው የዘመቱት። ቀይ ጠርቡሽ ያደርጋሉ፤ ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ረጅም መቀነት ቀለሙ በየሻለቃው ይለያይ ስለ ነበር ሰውየው ከየትኛው ጦር እንደ መጣ መቀነቱን አይቶ መለየት ይቻል ነበር።

የእኛስ አርበኛ? የእርሱ ዕቃ የቤት ዕቃ ነው። ዝናሩን ፋቂ ከቆዳ ሠርቶለታል። ውኃውን በቅል ይይዛል። ስንቁ በአቁማዳ ነው፤ በአቁማዳው ውስጥ ደግሞ በሶ አለ። በሶ ለምን? ይህን ልጆቻችን ሁልጊዜ ይጠይቁናል። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይፈልግም። በውኃና በጨው በጥብጦ መጠጣት ወይም ጨብጦ መብላት ይቻላል። ጫካ ውስጥ ላደረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እሳት ካላነደደ ጢስ የለም፣ ጢስ ከሌለ ጠላት ያለበትን አያውቅም። ቅቤ ከተገኘ ገብሱ ጭኮ ይሆናል፤ ጭኮ ደግሞ ሳይበላሽ ብዙ ቀን ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የሮማው ወታደር ጋሜላ ከፋብሪካ ሲመጣ የአርበኛው አቁማዳ የሞላው በእናቱ፣ በሚስቱና በእኅቱ እጅ ነው። ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ነፍታ፣ ሌሊት ተሸክማ ያደረሰችው እርሷ ናት። በአዲስ አበባ እንደነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች ልብስ፣ መድኃኒትና መሣሪያ ለአርበኞች ይልኩ እንደ ነበር ይታወቃል። በየገጠሩ ግን ስማቸው ያልተጻፈ ስንቅ አቀባዮች እጅግ ብዙ ናቸው። አቁማዳ በእጃችን ስንይዝ ከዘማቹ በፊት የምናስባት የሞላችውን ሴት ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ ጓዳ

ወገኖቻችን ዕቃ አይጥሉም። የተገኘው ሁሉ ሌላ ሥራ ተፈልጎለታል። በአካባቢያችን የብረት ቆብ ለዶሮ ውኃ መጠጫ ሆኖ አይተናል። የመድፍ ቀለህ ሙቀጫ፣ የጥይት ሣጥን የዘር ማስቀመጫ፣ ጋሜላ የቅቤ ዕቃ ሆኗል።

የአባታችን አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በወጣትነታቸው በአህያ ከይፋት ቆላ ወደ ደብረ ብርሃን እየተመላለሱ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲለቅ ከዋሻው በታች፣ መንገድ ዳር፣ አንድ የጣሊያን ኮዳ ወድቆ አገኙ። ክዳኑ ተከፍቶ በሰንሰለቱ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ ጠብታ የለም። በሃይማኖታችን ወድቆ የተገኘ ዕቃ ባለቤቱ እስኪታወቅ ይነገርበታል እንጂ ዝም ብሎ የራስ አይደረግምና አያታችን ሦስት ገበያ ዞረው «ኮዳ የጠፋበት አለ?» ብለው ጠየቁ። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። «አንቱ ሰውዬ፣ የሶላቶ ዕቃ ማን ብሎ ሊመጣልዎት ነው?» አሏቸው። ያም ሆኖ ዓመት እስኪሞላው ሳይጠቀሙበት ሰቅለው አቆዩት።

ከዚያ በኋላ ያ ኮዳ ከአርባ ዓመት በላይ የውዱእ ውኃ መያዣ ሆኖ አገልግሏቸዋል። እኛ ልጆች ሆነን «አባባ፣ ኮዳው የማን ነበር?» ስንላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ስሙን አላውቀውም፣ ልጆቼ። ውኃ ጠምቶት እንደ ነበር ግን አውቃለሁ» ይሉናል። ጠላት ነበር አላሉም፤ ወዳጅ ነበር አላሉም። የሚያውቁትን ያህል ብቻ ተናገሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እኛም ዕቃ መሰብሰብ ስንጀምር ደንብ ያደረግነው ይህንኑ የአያታችንን አነጋገር ነው።

የሚያሳፍር ዕቃ አለ?

ከስብስባችን ጋር በተያያዘ ከሁሉ የከበደን ጥያቄ የመጣው በአንዲት አሮጊት እናት ቤት ነው። ዕቃ እንደምናሰባስብ ሰምተው አስጠሩን። ከሣጥናቸው ሥር አንድ ቀዩ የደበዘዘ ጠርቡሽና የተቀደደ መቀነት አወጡና «ይህን ውሰዱልኝ፤ ካልወሰዳችሁት ዛሬ አቃጥለዋለሁ» አሉን። የባለቤታቸው አባት አስካሪ ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውን በትምህርት ቤት አንድ ልጅ «የባንዳ ዘር» ብሎ ሰድቧቸው ኖሮ እናትዬው ያን ዕቃ ቤታቸው ውስጥ ማየት አስጠልቷቸዋል።

ወንድማችን ሊቀበላቸው እጁን ሲዘረጋ እኅታችን ከለከለችው። «እማማ፣ መጀመሪያ የሰውየውን ነገር ይንገሩንና እንጻፈው፤ ከዚያ ያቃጥሉት» አለቻቸው። ቁጭ ብለን ሰማን። ሰውየው ከከረን አካባቢ የመጡ ሙስሊም ነበሩ። በወጣትነታቸው ደመወዝ ፍለጋ ተቀጠሩ። ጦሩ ሸዋ ከገባ በኋላ ግን አንድ ሌሊት ጠመንጃቸውን ይዘው ከድተው ከአርበኞች ጋር ተቀላቀሉ። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ይፋት ላይ አግብተው፣ ሸማኔ ሆነው፣ እዚያው አፈር ለበሱ። መቀነቱ ለምን እንደ ተቀደደ ስንጠይቅ እናትዬው ፈገግ አሉ። ከእርሱ ላይ ተቀዶ የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ማለትም የእናትዬው ባለቤት፣ በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎበት ነው ያደገው።

ፋሺስቶች የኢትዮጵያን ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወገኖቻቸው ለመነጠል ብዙ እንደ ደከሙ፣ ለዚህም መስጊድ እስከ ማሠራት እንደ ደረሱ የታወቀ ነው። የተሸነገለ አልነበረም አንልም፤ በየሃይማኖቱ ነበረ። ነገር ግን በ1927 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወልወል ላይ ጣሊያንን ከተጋፈጡት የኢትዮጵያ ወገን አዛዦች አንዱ ሱማሌው ሙስሊም ዑመር ሰመተር እንደ ነበሩም መረሳት የለበትም። ከጣሊያን ጦር ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የገቡ ኤርትራውያን አስካሪዎችም ብዙ ናቸው። ጠርቡሹን ብቻ ያየ ሰው «ባንዳ» ይላል፤ ታሪኩን የሰማ ሰው ግን ስለ አንድ ሰው ሙሉ ሕይወት ይሰማል፤ መቀጠሩንም፣ መክዳቱንም፣ አርበኛ መሆኑንም፣ አባት መሆኑንም።

እናትዬው ጠርቡሹን አላቃጠሉትም፤ ለእኛም አልሰጡንም። የጻፍነውን ወረቀት ግን አንዱን ቅጂ ተቀብለው ከጠርቡሹ ጋር ሣጥናቸው ውስጥ አኖሩት። እኛም ባዶ እጃችንን ተመለስን። ከዚያ ቀን የበለጠ ነገር ይዘን የተመለስንበት ቀን ግን ያለ አይመስለንም።

የማይነካውን አትንኩ

አሁን ወደ ኋላ እንመለስበታለን ወዳልነው ጉዳይ እንምጣ። ጣርማ በር ጦርነት ያየው በጣሊያን ጊዜ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተነሣው ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ጦርነት ባለፈበት ቦታ ሁሉ ሳይፈነዳ የሚቀር ነገር አይጠፋም። ልጆች ደግሞ የሚያብረቀርቅ ወይም ክብ ነገር ሲያዩ እጃቸው አያርፍም።

አንድ ቀን ከሰፈራችን አንድ ልጅ በሩጫ መጥቶ «እናንተ የምትገዙት ዓይነት ብረት አገኘሁ፤ ልሂድና ላምጣው?» አለን። እንዳይሄድ እጁን ይዘን ምን እንደሚመስል ጠየቅነው። ክብ ነው፣ ዝጓል፣ ቀለበት አለው አለ። ታላቅ ወንድማችን ከልጁ ጋር ከሩቅ ሆኖ ቦታውን ካየ በኋላ ሌላ ልጅ እንዳይጠጋ ሰው አቁሞ ለፖሊስ አስታወቀ፤ የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው አነሡት። ከልጆች ምንም ዓይነት ዕቃ አለመግዛት ቀድሞም ደንባችን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ይህንኑ በየመስጊዱ በር፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስንናገር ቆይተናል። ምክንያቱም አንድ ልጅ ብረት ሲያመጣ አሥር ብር ከተሰጠው ነገ የሚያመጣው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ወላጆች ሆይ! ቦምብ ስለ ዛገ አልሞተም። እንዲያውም ውስጡ ያለው ፈንጂ ባረጀ ቁጥር በትንሽ ንክኪ ሊነሣ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ልጅ እንዳይነካው፣ ድንጋይ እንዳይወረውርበት፣ እሳት እንዳያቀርብበት፣ በመጣበት ዱካ ተመልሶ ለትልቅ ሰው እንዲናገር አስተምሩት። ጠመንጃን በተመለከተም አሮጌም ቢሆን ያለ ፈቃድ መያዝ እንደማይቻል የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይደነግጋል። እኛ ከኮዳና ከአቁማዳ የማናልፈው ለዚህ ነው።

በቤታችሁ ካለ

ምናልባት ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ይኖራችሁ ይሆናል። የአያት ዝናር፣ ወይም ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመተ አጎት ያመጣው ኮዳ፣ ወይም ከዚያ በኋላ ከነበሩት ዘመቻዎች የተረፈ ኮረጆ። ከልምዳችን ጥቂት ነገር እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ አታሳምሩት። ብረቱን በአሸዋ ወይም በኮምጣጤ አሽቶ ማብራት የብዙ ሰው ልማድ ነው። ነገር ግን ከዝገቱ ጋር የተቀረጸው ስም፣ ቁጥርና ማኅተም አብሮ ይጠፋል። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ማንሣት ይበቃል። ቆዳ ደግሞ ፀሐይና እርጥበት ጠላቶቹ ናቸው፤ የሚበላ ዘይት አትቀቡት፣ ሻጋታና አይጥ ይጠራበታል። ጨርቅ ከሆነ አጣጥፋችሁ አንድ ቦታ ላይ አታቆዩት፣ በእጥፋቱ ይበጠሳል።

ቀጥሎ ጻፉት። ዕቃው ምንድን ነው? ማን ያዘው? የት ተገኘ? ይህን የነገራችሁ ማን ነው፣ መቼስ ነገራችሁ? የምታውቁትንና የምትገምቱትን ለዩ። «ይመስለናል» የሚባለውን «ነው» ብላችሁ አትጻፉ። የጣሊያንን ዘመን በልጅነት ዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ከዘጠና ዓመት ያለፉ ናቸውና ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

በመጨረሻም ለመሸጥ አትቸኩሉ። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ነጋዴ ስለ ዕቃዎቻችን ጥሩ ገንዘብ አቅርቦልን ነበር። ታሪካቸውን የጻፍንበትን ደብተር ስንሰጠው «እርሱ ይቅር፤ ለእኔ ማኅተሙ ብቻ ይበቃል» አለን። እኛም አልሸጥንለትም። ችግር ላይ ወድቆ የሚሸጥን ሰው አንፈርድበትም፤ የልጅ ጉሮሮ ይቀድማል። ሆኖም በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ፣ ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል ማስታወቅ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ዕቃው ለሕዝብ ቢታይ የሚል ሐሳብ ያለው ቤተሰብም የሚሄድበት አያጣም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ስትወስዱ ግን ወረቀቱን ከዕቃው ጋር ውሰዱት።

አንባብያን ሆይ! ጦርነትን ለማወደስ አይደለም ይህን መጻፋችን። ባዶ ኮዳ የያዘ ሰው ጦርነትን ሊያወድስ አይችልም። ነገር ግን ልጆቻችን ስለ ጦርነት የሚሰሙት ከጀግናው ፎካሪ ብቻ ከሆነ ውኃ የጠማውን፣ በሶ የጨበጠውን፣ ከድቶ የተመለሰውን፣ ሌሊት ስንቅ ያደረሰችውን ማን ይነግራቸዋል? እነዚህን የሚናገሩት በየጓዳችን፣ በየሣጥናችን ያሉት ትናንሽ ዕቃዎች ናቸው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስቡና ከቤታችሁ አንዱን አሮጌ ዕቃ አውጥታችሁ መሐል አስቀምጡት፤ አዛውንት ካሉም አጠገብ አስቀምጧቸው። ከዚያም ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁ፤ «ይህ የማን ነበር?»

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።